ዳልተን መንገድ (አላስካ)፦ በግግር የተደፈነ ካልቨርት እንዴት ይከፈታል?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ከሊቨንጉድ እስከ ዴድሆርስ 666 ኪሎ ሜትር በሚሄደው መንገድ ላይ የትንንሽ ጅረቶች ካልቨርቶች (ውሃን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፉ ቱቦዎች) በብርዱ ወራት በበረዶ ግግር ይደፈናሉ። ሜይ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ውሃው መውጫ ያጣና ጠጠሩን ይጠርጋል። ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር የሆነ ቱቦ ሙሉውን በእንፋሎት ማቅለጥ ያዋጣል? ወይስ በኤክስካቫተር ይሻላል?

መልስ 1
ወንድሜ፣ ሙሉውን እንዳትሞክር። አንድ ሜትር ኩብ ግግር ለማቅለጥ ብክነት ሳይታሰብ 136 ኪሎ ያህል እንፋሎት ይፈጃል። ያልከው ቱቦ ጢም ብሎ ከሞላ 12.7 ሜትር ኩብ ስለሚይዝ ከ1.7 ቶን በላይ እንፋሎት ይጠይቃል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ከከፈትክ ግን 50 ኪሎ ገደማ ነው፤ ሌላውን የጸደዩ ውሃ ራሱ እየቦረቦረ ያሰፋዋል።

ዋናው ዝግጅት ብርዱ ሳይገባ ነው። ካልቨርቱ ውስጥ ቀጭን የብረት ቧንቧ አስሩ። ሁለቱ ጫፎች ወደ ላይ ታጥፈው ከበረዶው ክምር በላይ ይቁሙ፤ ግላይኮል (በብርድ የማይረጋ ፈሳሽ) ሞልታችሁ ክደኑት፤ ግሬደር እንዳይገጫቸው ምልክት ይተከል። ጊዜው ሲደርስ ሁለቱም ክዳኖች ይከፈታሉ፤ በአንዱ ጫፍ የቦይለሩ (የውሃ ማፍያው) እንፋሎት ይገባል፤ በሌላው የሚወጣውን ግላይኮል በበርሜል ተቀበሉ፤ ጅረት ውስጥ መግባት የለበትም። ሲያበቃ ቧንቧውን በአየር ነፍታችሁ አድርቁት፤ ውሃ ከቀረበት በሚቀጥለው ብርድ ይሰነጠቃል።

ቧንቧ ያልተገጠመለትን ከታችኛው አፍ ጀምሩ። ከላይ ከጀመራችሁ የቀለጠው መሄጃ አጥቶ እዚያው ይቆማል። መጨረሻ ላይ ከግግሩ ጀርባ የታቆረው በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ስለሚችል ከአፉ ፊት ለፊት ማንም አይቁም። ቱቦው ውስጥ መግባትማ ፈጽሞ አይታሰብም!

መልስ 2
ኤክስካቫተሩም የራሱ ሥራ አለው፤ ከካልቨርቱ በላይና በታች ግግሩ ላይ ቦይ ይቆፍራል። አፉ አጠገብ ሲደርስ ግን ያቁም፤ ጥርሱ የቱቦውን ጠርዝ ካጣመመው ቀዳዳው ይጠባል። የቀረውን በእንፋሎት ጨርሱት።

የሚረሳው ነገር፦ በብርዱ መጀመሪያ ከጅረቱ ላይ ለስላሳውን በረዶ አትጥረጉ፤ ብርድ ልብሱ እሱ ነው። ከተነሳ ጅረቱ እስከ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ከሥር ያለው መሬት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የቀዘቀዘ ስለሆነ የከርሰ ምድር ውሃው በሁለቱ መሐል ተጨንቆ ወደ ላይ ይፈነቅላል፤ እየፈሰሰ፣ እየቀዘቀዘ፣ በንብርብር ያድጋል። ጀርመኖች አውፋይስ የሚሉት ይኸው ነው።

ፀሐይ ሲጠነክር ጥቁር አሸዋ ስስ አድርጋችሁ ግግሩ ላይ በትኑ። ከወፈረ ከፀሐይ ይከልለዋል።

መልስ 3
ከላይ የተባለው ሁሉ ለትንሽ ጅረት ነው፤ ለትልቅ ወንዝ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2015 የሳጋቫኒርክቶክ ወንዝ ግግር ከመንገዱ እኩል ስለደረሰ ማርች መጨረሻ ላይ ዴድሆርስ አጠገብ ውሃው መንገዱን ያጥለቀልቅ ጀመር። ግግሩ ላይ ቦይ ተቆፍሮ ነበር፤ ቢሆንም ሜይ ላይ ዋናው ጎርፍ ሲመጣ መንገዱ ተቆርጦ ለ18 ቀን ያህል ተዘጋ፤ የተከፈተው ጁን 5 ነው። በኋላ መንገዱን ራሱን ከፍ አድርገው ገነቡት። ስለዚህ ፌብሩዋሪ ላይ የግግሩን ከፍታ ለኩ፤ ወደ መንገዱ ጠርዝ ከተጠጋ ቦይለሩን ሳይሆን መንገዱን በሙሌት ከፍ ማድረግን አስቡ።