ኤንቲሲው ፖዘቲቭ እየወጣ ነው፣ ምን ላድርግ?

ሜሪ ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የኮሮና አርቲ-ፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) እንሠራለን። ሰሞኑን ኤንቲሲው (ናሙና የሌለበት፣ ኔጌቲቭ መውጣት ያለበት ኮንትሮል) ሲቲ 37 አካባቢ (37ኛው የማባዛት ዙር ላይ) ከርቭ እያሳየ ነው። እዚያው አካባቢ የሚወጣ የታካሚ ፖዘቲቭም በዝቷል። ቤንቹን በአልኮል ወለወልነው፣ ለውጥ የለም። ኪቱን ልጣለው?

ነጭ ጋውን፦
ኧረ ቆይ እህቴ፣ ኪት እኮ ውድ ነው! አልኮል የበከለውን ዲኤንኤ አያጠፋም። በረኪና ተጠቀሚ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጪ፣ ግን በየቀኑ አዲስ። 10 ደቂቃ ይቆይና በንጹህ ውሃ ይወልወል፣ አለዚያ ብረቱን ይበላዋል።

የድሮ ላብ ሰው፦
ማጽዳቱ ጥሩ ነው፤ ግን ብክለቱ ሪኤጀንቱ (የምርመራው ግብዓት) ውስጥ ከገባ በረኪና ምን ያደርጋል? በቅድሚያ ምንጩን ለዪ። ያልተከፈተ ውሃ አምጪና ሌላውን ሳትነኪ አስኪጂ። ካልጸዳ ፕራይመርና ፕሮቡን (የቫይረሱን ዘረመል ፈልገው የሚይዙትን አጫጭር ዲኤንኤዎች) ቀይሪ፣ ከዚያ ኢንዛይሙን። ሁሉንም ባንዴ ከቀየርሽ ጥፋተኛውን አታውቂውም። ደግሞ አንድ ዌል (የፕሌቱ ጉድጓድ) አይበቃም። ትንሽ ብክለት አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ስለዚህ ስምንት ኤንቲሲ ደርድሪ።
ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዙ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ለብቻው የሚጨመር ከሆነ፣ ሳትጨምሪው አስኪጂ። የኮሮና ቫይረስ ዘረመል አርኤንኤ ነው። ያለሱም ከርቩ ከወጣ፣ ያየሽው ዲኤንኤ ነው፤ ወይ ከቀድሞ ሥራ የተረፈ ቅጂ፣ ወይ የፖዘቲቭ ኮንትሮል ፕላዝሚድ (ክብ ዲኤንኤ)።

ቲጂ፦
ፋብሪካውንም አትመኑ። በ2020 መጀመሪያ የአሜሪካው ሲዲሲ (የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) የላከው የኮሮና ኪት የራሱን ኤንቲሲ ፖዘቲቭ እያለ ላቦራቶሪዎችን አስቸግሯል። በኋላ ሲጣራ የኤን1 (ኪቱ ከሚፈልጋቸው የቫይረሱ ዘረመል ክፍሎች አንዱ) ሪኤጀንት በሰው ሠራሽ ቅጂ ተበክሎ ተገኘ። የኤን3 ችግር ሌላ ነው፤ ፕራይመርና ፕሮቡ እርስ በርስ እየተያያዙ ነበር። ሌላ ሎት (የምርት ዙር) ካለሽ ጎን ለጎን አስኪጂው።

ሜሪ ላብ፦
ተባረኩ! በአዲስ ውሃ ያው ነው። አዲስ የፕሮብ ቱቦ ስከፍት ግን ስምንቱም ጸዱ። ያለፉት ፕሌቶችስ?

የድሮ ላብ ሰው፦
ኤንቲሲው የወደቀበት ፕሌት ውጤቱ አይላክም። ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ አርኤንኤ ካለ በአዲሱ ፕሮብ ድገሚው። የተላከ ፖዘቲቭ ካለም ዛሬውኑ ለሐኪሙ ደውዪ። አዲሱን ፕሮብ ደግሞ ፖዘቲቭ ኮንትሮል በማይገባበት ክፍል በትንንሽ ቱቦ ከፋፍዪው።