ለደሴ ግቢ የውጭ ካሜራ ስመርጥ ምኑን ላስቀድም?

ጠያቂ፦ የሆጤ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁም። ቤታችን ደሴ ሲሆን እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ስለሆነ፣ ግቢው ውስጥ የሚውሉት እናቴና የምታግዛቸው ልጅ ብቻ ናቸው፤ የሌሊት ተራ ሲደርሰኝም የሚያድሩት እነሱው ናቸው። ባለፈው ሐምሌ በአንዱ ሌሊት በጓሮ በኩል ያለውን የቆርቆሮ አጥር ገንጥለው የገቡ ሰዎች የውኃ መሳቢያውን ሞተርና ሁለት የጋዝ ሲሊንደር ይዘው ሄዱ። እናቴ ኮሽታ ሰምተው ነበር፤ ነገር ግን ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ያደረ ስለነበር ለይተው ሊያውቁት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሣሉ።

አራት ካሜራ ልገዛ አስቤ ሦስት ሱቅ ብጠይቅ ሦስት የተለያየ ምክር ሰጡኝ። አንዱ የዋይፋይ፣ ሌላው ባለ ገመድ፣ ሦስተኛው በሶላር የሚሠራ ባለ ሲም ካሜራ ውሰድ አሉኝ። በክረምቱ ጉምና በመብራት መጥፋት መካከል የትኛው እንደሚያዋጣ በሥራው ያላችሁ ወይም የተጠቀማችሁ ብትነግሩኝ ታላቅ ውለታ ነው።

መልስ፦ ካሜራ ገጣሚ

ስለ ደረሰው ነገር በጣም አዝኛለሁ። ደንበኞቼ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ሜጋፒክስል ነው፤ እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቃቸው በሰፈራቸው መብራት ሲጠፋ ለስንት ሰዓት እንደሚቆይ ነው፤ ምክንያቱም ከመብራቱ ጋር አብሮ የሚጠፋ ካሜራ በዚያች ሌሊት እንደሌለ ይቆጠራል።

በዚህ ምክንያት ለእርስዎ የምመክረው ምስሉም ኤሌክትሪኩም በአንድ የኔትወርክ ገመድ የሚሄድበትን፣ ፒኦኢ የምንለውን ዓይነት ነው። ካሜራዎቹ ሁሉ ኃይል የሚያገኙት ቤት ውስጥ ከተቀመጠው መቅጃ ስለሆነ አንድ መጠባበቂያ ባትሪ ለሁሉም ይበቃል። አንድ ካሜራ ሌሊት ኢንፍራሬዱ (በጨለማ እንዲያይ የሚረዳው፣ ለዓይን የማይታይ ብርሃኑ) ሲበራ 5 ዋት ያህል ቢወስድ አራቱ 20 ዋት ይሆናሉ፤ መቅጃውና ራውተሩ ሲጨመሩ ወደ 40 ዋት ይጠጋል። ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ባትሪ የያዘ ተራ ዩፒኤስ በስሌት 84 ዋት ሰዓት ቢኖረውም በተግባር ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልም፤ ባለ 100 አምፒር ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ሲሆን ግን ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳያወርዱ ሌሊቱን ያሻግርዎታል።

የዋይፋይ ካሜራ ያለ ገመድ የሚሠራ መስሏቸው የሚገዙ ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ካሜራ የኤሌክትሪክ ሽቦ መዘርጋቱ አይቀርም፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ካለም ሲግናሉ ጓሮ ሳይደርስ ይደክማል። ባለ ሶላሩ ደግሞ ባትሪውን ለመቆጠብ ተኝቶ እንቅስቃሴ ሲሰማው የሚነቃ በመሆኑ ሰውየው ካለፈ በኋላ ጀርባውን ብቻ የሚይዝበት ጊዜ አለ። ፀሐይ ለቀናት በማትወጣበት የነሐሴ ሰሞንማ ቻርጁን የሚተካበት አያገኝም። ሽቦ ለማይደርስበት የእርሻ ቦታ ጥሩ ነው፤ ለደሴ ግቢ ግን አልመርጠውም።

ገመዱን ሲገዙ አንዱን ጫፍ በስለት ፈግፍገው ይዩት። ከላይ የመዳብ ቀለም ኖሮት ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ስለሆነ አይውሰዱት፤ ኃይል በመንገድ ያባክናል፣ መጋጠሚያው ላይም ቶሎ ይበላሻል። ከመቅጃው እስከ ካሜራው ያለው ርቀትም ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም።

ሀርድ ዲስኩን በተመለከተ፣ አንድ ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በሰከንድ 4 ሜጋቢት እንዲቀዳ ቢደረግ በቀን 43 ጊጋባይት ይሞላል፤ አራቱ 1 ቴራባይቱን በስድስት ቀን ገደማ ይጨርሱታል። ኤች 265 የተባለውን አጨማመቅ መርጠው መጠኑን ወደ 2 ሜጋቢት ካወረዱት 2 ቴራባይት ከሦስት ሳምንት በላይ ያቆይልዎታል።

መልስ፦ ከጦሳ ግርጌ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ የጉሙን ነገር ግን ልጨምርበት፤ በራሴ ገንዘብ የተማርኩት ስለሆነ። መጀመሪያ የገዛሁት ባለ 8 ሜጋፒክስል፣ ክብ መስታወት የተደፋበት ካሜራ ነበር። ቀን ላይ ቅጠል ያስቆጥራል፤ ነሐሴ ገብቶ ጉሙ ሲወርድ ግን ማታ ማታ ስክሪኑ ላይ የሚታየኝ ፊቱ ላይ ነጠላ የተጋረደበት ያህል ነጭ ብቻ ነበር።

ምክንያቱን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን መንገድ በጉም የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፤ ረጅሙን መብራት ሲያበሩት መንገዱ ይጠፋል። የካሜራው የኢንፍራሬድ አምፖሎች ከሌንሱ አጠገብ ስለተደረደሩ ብርሃናቸው ጠብታዎቹን መትቶ ተመልሶ ሌንሱ ውስጥ ይገባል። መስታወት የተደፋበት ካሜራ ደግሞ መስታወቱ ላይ ያረፈው ርጥበት ራሱ ያንጸባርቃል። እኔ ካሜራውን ቱቦ መሰል በሆነውና ጥላ ባለው ቀይሬ፣ የራሱን ኢንፍራሬድ አጥፍቼ፣ ከእሱ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ ተራ የግቢ መብራት ሰቀልኩ። ጉሙ ሲከብድ አሁንም ሩቁ አይታይም፤ አጥሩ ሥር የቆመ ሰው ግን ይታያል።

ሸረሪትንም አይርሱ። የካሜራው ሙቀትና ብርሃን ነፍሳትን ይጠራል፣ ሸረሪት ተከትሎ ድሩን ልክ ሌንሱ ፊት ያደራል፤ አንዷ ክር በነፋስ ስትወዛወዝ ሌሊቱን ሙሉ «ሰው ገባ» የሚል መልእክት ስልክዎ ላይ ይደርሳል። በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ በሳምንት አንዴ መጥረግ የግድ ነው።

አይፒ 67 የሚል ምልክት ያለው ካሜራ አቧራ የማያስገባና 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ የሚችል ነው። ሆኖም ዝናብ የሚገባው በካሜራው አካል ሳይሆን ከኋላው በሚንጠለጠለው መጋጠሚያ ነውና መጋጠሚያው በተዘጋ ሳጥን ውስጥ ይግባ፤ ገመዱም ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይታጠፍ፣ ጠብታው ከዚያ ላይ እንዲወርድ።

መልስ፦ የኮምቦልቻዋ

ወንድሜ፣ እኔ ደግሞ ስለ አሰቃቀሉ ልንገርህ። ሱቄ ሲሰበር ካሜራ ነበረኝ፤ ነገር ግን አራት ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ስለተሰቀለ ለፖሊስ ያቀረብኩት የአንድ ሰው የተከናነበ አናትና ትከሻ ብቻ ነበር። የጋቢው ጥለት ሳይቀር ይታያል፤ ፊቱ ግን የለም።

የማይታወቅን ሰው በፊቱ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ፒክስል (ምስሉ የተሠራበት ነጥብ) ያህል እንደሚያስፈልግ የዘርፉ መመዘኛ ያስቀምጣል። ባለ 2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግቢውን በሙሉ ያሳያል፤ ሆኖም 5 ሜትር ርቀት ላይ ባለ 4 ሜጋፒክስሉ እንኳን ከዚያ መጠን በታች ይወርዳል። ስለዚህ ለጓሮው ሰፊውን፣ ለመኪናው በር ግን ጠበብ አድርጎ የሚያቀርበውን ባለ 6 ሚሊ ሜትሩን ውሰድና ከ2 ሜትር ተኩል እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ስቀለው።

የመቅጃውን ሰዓትም አስተካክል። የእኔ ምስል ላይ 02:40 ይል ስለነበር ቃሌን ስሰጥ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 መሆኑን ማስረዳት ነበረብኝ። የይለፍ ቃሉንም ሲገጠምልህ እዚያው ቀይረው፤ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ካሜራዎችን የያዘው ከፋብሪካ እንደወጡ ባልተቀየሩ የይለፍ ቃሎች ነበር።

የጎረቤትህ ግቢ የሚታይ ከሆነ ሳትሰቅል በፊት ቡና ላይ ንገራቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወታቸው የተጠበቀ ነው፤ ከዚያም በላይ አንተ ሥራ ላይ ስትሆን ለእናትህ ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ጠያቂ፦ የሆጤ ልጅ

ሁላችሁንም ፈጣሪ ያክብርልኝ። በፒኦኢ ወስኛለሁ፤ ሁለት ለጓሮው፣ አንድ ለበሩ፣ አንድ ለበረንዳው። ማታ ለእናቴ ሳነብላቸው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ለሱብሒ ዉዱእ የሚያደርጉት በረንዳው ላይ ስለሆነ እዚያ እንዳያያቸው ይፈልጋሉ። ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ካሜራ ገጣሚ

አብሽር፣ እሱ ቀላል ነው። መቅጃው ላይ የተመረጠን ቦታ በጥቁር የሚሸፍን ማስተካከያ አለ፤ የተሸፈነው ቦታ በቀጥታም አይታይም፣ አይቀዳምም። ነገር ግን እኔ ብሆን የበረንዳውን ካሜራ ጨርሼ አንሥቼ ጓሮው ወደሚገናኝበት የአጥር ጥግ እወስደዋለሁ። ከመቅጃው በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ መኝታ ቤታቸው ቴሌቪዥን ያገናኙላቸው፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፤ ቴሌቪዥኑ ከባትሪው ጋር ካልተያያዘ ግን መብራት ሲጠፋ አይበራላቸውምና በስሌቱ ውስጥ ያስገቡት። ውሻ ሲጮህ ከአልጋቸው ሳይነሡ ጓሮውን ያዩታል።