ኤክሴል ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አቆመ፤ ሪፖርቱ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል

መዝገብ ያዥ (ጠያቂ)
ጤና ይስጥልኝ። ኤክሴል ላይ የሠራሁት የወርኃዊ ሽያጭ ሪፖርት ቁጥሮቹን በቀጥታ ከዳታቤዝ ይስብ ነበር። ትናንት ኮምፒውተሬ አፕዴት ተደረገ፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ቁጥሮቹን የሚያድሰውን «ሪፍሬሽ ኦል» የሚለውን በተጫንኩ ቁጥር የስህተት መልእክት ይወጣል እንጂ አንድም አዲስ ቁጥር አይገባም። በፋይሉ ውስጥ አራት ግንኙነቶች አሉ፤ አራቱም አይሠሩም። እኔ የነካሁት ነገር የለም። ሪፖርቱን ነገ ጠዋት ማስረከብ ስላለብኝ አፕዴቱን ወደ ኋላ የምመልስበትን መንገድ የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።

ዓምድና ረድፍ
«ዳታ» የሚለውን ትር ይክፈቱ፤ «ጌት ዳታ» ከሚለው ሥር «ዳታ ሶርስ ሴቲንግስ» ውስጥ ይግቡና የተቀመጠውን ፈቃድ ያጽዱት። ከዚያ ሪፍሬሽ ሲያደርጉ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል እንደ አዲስ ይጠይቅዎታል። እኔ በዚህ መንገድ ተገላግያለሁ።

ነባር አባል
መፍትሔ ከመፈለግዎ በፊት ስለ ሪፖርቱ ላስጠንቅቅዎ። ሪፍሬሽ ሳይሳካ ሲቀር ኤክሴል የቀድሞዎቹን ቁጥሮች ባሉበት ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ ሠንጠረዡ ሙሉ ይመስላል፣ ድምሩም በትክክል ይደመራል፣ ነገር ግን የሚያሳየው ግንኙነቱ ለመጨረሻ ጊዜ በሠራበት ቀን የነበረውን ሽያጭ ነው። በጥድፊያ ላይ ያለ ሰው ይህን ሳያስተውል ያረጀ ቁጥር ይልካል። የመጨረሻውን ረድፍ ቀን ይመልከቱ፤ የፋይሉንም ቅጂ በሌላ ስም ያስቀምጡ። አፕዴት ግንኙነት ሲያቋርጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 የወጡት የዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴቶች ጄት 4.0 በሚባለው አሮጌ አገናኝ በኩል የኤክሴል ፋይል የሚያነቡ ፕሮግራሞችን አስተጓጉለው ነበር፤ ለተቸገሩት የተሰጠው ምክርም ኤ.ሲ.ኢ. ወደሚባለው ተተኪ አገናኝ እንዲዛወሩ ነበር። የደኅንነት አፕዴትን አውጥቶ መሥራት ለአንድ ቀን ቢያሳልፍም ኮምፒውተሩን ለጥቃት ክፍት ይተወዋል።

ቋት ጠባቂ
ጥፋቱ የአፕዴቱ ነው የሚለውን ለመቀበል እቸገራለሁ፤ የመልእክቱን ቃል እስካሁን አልነገሩንም። እባክዎ መልእክቱን እንዳለ ይጻፉልን። በተጨማሪም «ፋይል»፣ ቀጥሎ «አካውንት»፣ ቀጥሎ «አባውት ኤክሴል» የሚለውን ይክፈቱና በላይኛው መስመር መጨረሻ ላይ 32 ቢት ወይስ 64 ቢት እንደሚል ይመልከቱ፤ እነዚህ የአንድ ፕሮግራም ሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ናቸው።

መዝገብ ያዥ
ይቅርታ፣ መጻፍ ነበረብኝ። መልእክቱ በድራይቨሩና በፕሮግራሙ መካከል የአርክቴክቸር አለመጣጣም አለ ይላል። ኤክሴሉ 64 ቢት ነው፤ በፊት ምን እንደነበረ አላውቅም። ፈቃዱን አጽድቼ ሞክሬያለሁ፤ ለውጥ የለም። የመጨረሻው ረድፍ የሚያሳየው የባለፈውን ሐሙስ ቀን ነው፤ ስላስጠነቀቁኝ አመሰግናለሁ።

አዲስ ገጽ
ፈቃዱን ከ«ዳታ ሶርስ ሴቲንግስ» ያጽዱ፤ ኮምፒውተሩንም አጥፍተው ያብሩት።

ቋት ጠባቂ
ፈቃድ ማጽዳቱን ሞክረውታል፤ መልእክቱም የሚያወራው ስለ 32 እና 64 ቢት አለመጣጣም እንጂ ስለ ይለፍ ቃል አይደለም። ተራ አፕዴት 32 ቢት የነበረውን ኤክሴል ወደ 64 ቢት አይቀይርም፤ ለዚያ አሮጌውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ያስፈልጋል። ትናንት ፕሮግራሙን የጫነልዎ ሰው ነበረ?

መዝገብ ያዥ
አዎ፣ ልክ ነዎት። ኮምፒውተሮቻችንን የሚከታተለው ባለሙያ የነበረውን አጥፍቶ አዲስ ጫነልኝ። አፕዴት ያልኩት እሱን ነው።

ቋት ጠባቂ
እንግዲያው አፕዴቱን መመለስ ለእርስዎ ምንም አይፈይድም። 64 ቢት የሆነ ኤክሴል 32 ቢት የሆነ የኦዲቢሲ (ODBC) ድራይቨር፣ ማለትም ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ትንሽ ፕሮግራም፣ መጠቀም አይችልም፤ የድሮው ድራይቨርዎ አሁንም በቦታው አለ፣ ግን አዲሱ ኤክሴል አይደርስበትም። ከዳታቤዙ አቅራቢ ገጽ የዚያኑ ድራይቨር የ64 ቢት ዓይነት አውርደው ይጫኑ። ቀጥሎ በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ኦዲቢሲ ብለው ሲጽፉ ሁለት መስኮቶች ይመጡልዎታል፤ 64 ቢት የሚለውን ይክፈቱና ግንኙነቱን በድሮው ስም፣ ፊደል ሳይለውጡ ይፍጠሩት። ስሙ አንድ ከሆነ በኤክሴሉ ፋይል ውስጥ የሚቀየር ነገር አይኖርም። በፎልደር በኩል የሚሄዱ ከሆነ ግን ይጠንቀቁ፤ 64 ቢቱ ያለው «ሲስተም 32» በሚባለው ውስጥ ሲሆን 32 ቢቱ ያለው «ሲስዋው 64» በሚባለው ውስጥ ነው። ስሞቹ የተገላቢጦሽ ስለሆኑ እኔ ራሴ ግማሽ ቀን የተሳሳተውን መስኮት ስነካካ ውያለሁ።

ነባር አባል
ይህ ትክክለኛው መንገድ ነው። የድሮውን ግንኙነት አያጥፉት፤ የአገልጋዩን አድራሻና የዳታቤዙን ስም ከእሱ ላይ ይገለብጣሉ።

መዝገብ ያዥ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሦስቱ ሠሩ፤ የዛሬው ሽያጭ ገብቷል። አራተኛው ግን ፕሮቫይደሩ (አገናኙ) በኮምፒውተሩ ላይ አልተመዘገበም ይላል። እሱ የሚያነበው ከድሮ የአክሰስ ፋይል የዕቃ ዝርዝር ነው።

ቋት ጠባቂ
በ«ኩዌሪስ ኤንድ ኮኔክሽንስ» ውስጥ አራተኛውን ግንኙነት በቀኝ ጠቅታ ይክፈቱና «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያም «ዴፊኒሽን» የሚለውን ገጽ ይመልከቱ። በጽሑፉ መጀመሪያ ላይ ጄት 4.0 የሚል ካገኙ ችግሩ እሱ ነው፤ ጄት የተሠራው ለ32 ቢት ብቻ በመሆኑ የ64 ቢት ዓይነቱን መፈለግ ድካም ነው። የፕሮቫይደሩን ስም ብቻ ወደ ኤ.ሲ.ኢ. 12.0 ይለውጡት፤ የፋይሉን አድራሻና የቀረውን እንዳለ ይተዉት። ሪፍሬሽ የሚያደርጉትም አራተኛውን ለብቻው ይሁን፤ ቢሰናከል የሠሩትን ሦስቱን ደግመው አይጠብቁም።

ዓምድና ረድፍ
የእኔ ጥቆማ ለዚህ የማይሆን እንደነበረ ተረድቻለሁ። አራተኛው ሠራልዎ?