ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅቶ መቅረት፦ ሐኪም ጋ የሚኬደው መቼ ነው?

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ማታ ጋደም ካልኩ ወዲያው ነው የሚወስደኝ። ችግሩ ከሌሊቱ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ለታክሲ ሰልፍ 11 ተኩል ላይ ከቤት መውጣት ስላለብኝ ስልኬን እያየሁ «አሁን ብተኛ ሁለት ሰዓት አገኛለሁ፣ አሁን ብተኛ አንድ ሰዓት ተኩል» ስል ይነጋል። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ቀን ትዝ የማይለኝ ነገር ሁሉ ያኔ ይመጣል። ከፋሲካ ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሥራ ላይ እፈዛለሁ፣ ልጆቹንም መቆጣት አብዝቻለሁ። ጎረቤቴ የእንቅልፍ ኪኒን ልስጥሽ ብላኛለች። ሐኪም ጋ የሚያስኬድ ነገር ነው ወይስ ያልፋል?

ኮዬ ፈጬ፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ስልኩን ከራስጌሽ አርቂው። አላርሙ እንዲሰማሽ ብቻ አድርገሽ ሳሎን አስቀምጪው፣ ሌሊት ሰዓት አትዪ። ሰዓት ባየሽ ቁጥር ሒሳብ ትጀምሪያለሽ፣ ሒሳቡ ደግሞ ጭንቀት ነው። ሁለተኛ፣ አልጋ ላይ እየተገላበጥሽ አትታገዪ። ሃያ ደቂቃ ያህል የሆነ ሲመስልሽ ጋቢሽን ደርበሽ ተነሺና ደብዘዝ ያለ መብራት ላይ የማያጓጓ ነገር ሥሪ። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ ምስር እለቅም ነበር። ትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጠጠሩን አንድ በአንድ ሳወጣ ዓይኔ መክበድ ይጀምራል፣ ያኔ ወደ አልጋ። ሐሳቡን ደግሞ ከእራት በኋላ ወረቀት ላይ ጻፊው፣ ከጎኑም ነገ ምን እንደምታደርጊ። ከባዱ ነገር ግን ጠዋት ነው፦ ሌሊቱ የቱንም ያህል ቢበላሽ በተለመደው ሰዓት መነሳት አለብሽ፣ እሁድም ጭምር። መጀመሪያ ላይ ድካሙ ይብሳል፣ ቢሆንም አትተዪው።

አባ መላ ከአያት፦
ቡናውን አትርሺ። 10 ሰዓት ላይ የጠጣሽው ቡና ማታ 4 ሰዓት ላይ ግማሽ ያህል ካፌይኑ ገና ሰውነትሽ ውስጥ ነው። ከሥራ ስትገቢ ከጎረቤት ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ የምትዪ ከሆነ ወደ ጠዋት አዙሪው። ለወንዶቻችንም ልናገር፣ ጠላውም ቢራውም አረቄውም ቶሎ ያስተኛል እንጂ ሌሊቱ ሲጋመስ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው። የሚያንኮራፋ ሰው ደግሞ አብሮት የሚተኛውን ይጠይቅ። ትንፋሹ ቀጥ ብሎ ቆይቶ እንደታነቀ ሰው እያቃሰተ የሚነቃ ከሆነ፣ ጠዋትም ራሱን የሚያመው ከሆነ ይመርመር። በተለይ ሹፌሮች፣ እባካችሁ። መሪ ላይ ማንቀላፋት የብዙ ሰው ነፍስ ነው።

ሲስተር (ጤና ጣቢያ የምሠራ)፦
ሌሊት መንቃት ብቻውን በሽታ አይደለም። እንቅልፍ በየ90 ደቂቃው ገደማ ይሳሳል፣ ሁላችንም እንነቃለን፣ አብዛኛውን አናስታውሰውም። በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ ሆኖ 3 ወር ከዘለቀ ግን ሥር የሰደደ እንቅልፍ ማጣት ነው የምንለው። ቀኑን ካበላሸብሽ 3 ወሩ እስኪሞላ መጠበቅም የለብሽም።

ሳይዘገይ የሚያስኬዱ ነገሮች አሉ። ሌሊት ደጋግሞ ሽንት የሚያስነሳው፣ ውሃ ጥምም ካለው ስኳሩን ይለካ። ልብስ የሚያርስ ላብ ከክብደት መቀነስና 2 ሳምንት ካለፈው ሳል ጋር ከመጣ የቲቢ ምርመራ ነው። ሲተኙ ትንፋሽ ማጠርም እንደዚሁ ዝም አይባልም። ንጋት ላይ መንቃቱ ከምግብ አለመፈለግና ሁሉም ነገር ጣዕም ከማጣት ጋር 2 ሳምንት ከቆየ ድብርት ሊሆን ይችላል፣ ይታከማል። መኖር ምን ያደርግልኛል የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን እስኪነጋ ልቆይ አይበል፤ በዚያው ሌሊት ሰው ቀስቅሶ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

የጎረቤትን ኪኒን አትውሰጂ። እንደ ዲያዜፓም ያሉት ሱስ ያስይዛሉ፣ ከለመዷቸው በኋላ በድንገት ማቆምም አደገኛ ነው። ለቆየ እንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ሕክምና ኪኒን ሳይሆን የምክክር ሕክምና ነው፣ ኮዬ ፈጬ የጻፈችውም አብዛኛው የሱ አካል ነው። ከጤና ጣቢያ ጀምሪ፣ ካስፈለገ እነሱ ሪፈር ይጽፉልሻል፣ እንደ አማኑኤል ያለ የአእምሮ ጤና ሆስፒታል ድረስ።

የቱሉ ዲምቱዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሲስተር፣ ላብ ስትዪ ደነገጥኩ። ሳል የለኝም፣ አልከሳሁምም። ግን ስነቃ ሙቀት ከደረቴ ወደ ፊቴ ይወጣና አንገቴን ያልበኛል፣ ብርድ ልብሱን ወርውሬ ትንሽ ቆይቼ ይበርደኛል። ሃምሳን ልደፍን ነው፣ ወር አበባዬም ተዛብቷል።

ሲስተር፦
እንኳን ነገርሽኝ። ይህ የወር አበባ መቋረጫ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ በዚህ ዕድሜ ሌሊት ከሚያስነሱት ዋና ነገሮች አንዱ ነው፣ እህቶቻችን ደግሞ አያወሩትም። የታይሮይድ ችግርም እንዲህ ስለሚያደርግ የደም ምርመራ ሊያዙልሽ ይችላሉ። ስትሄጂ እንቅልፍ አጣሁ ብቻ አትበዪ። ሙቀቱን፣ ላቡን፣ የመጨረሻውን ወር አበባሽን ቀን፣ የምትወስጂው መድኃኒት ካለም እሱን ጨምረሽ ንገሪያቸው። ግፊትሽንም ይለኩልሽ።