«ዝለሉት» ማለት ምን ማለት ነው?

ዳጊ ዱባ፦
ትናንት ናቲ አሥራ ሦስቱንም የሃሎዊን አስፈሪ ፊልሞች ከምርጥ እስከ ቀሽም ደርድሮ ለጠፈልን። ደክሞበታል፣ አልክድም። ለእያንዳንዱ አምስት ስድስት መስመር ጽፏል። ራፐሩ በስታ ራይምስ ነጭ ጭምብል የሚያጠልቀውን ገዳይ ማይክል ማየርስን በካራቴ ለሚረግጥበት ለ2002ቱ እንኳ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቷል። ሦስተኛው፣ የ1982ቱ «ሲዝን ኦፍ ዘ ዊች» ጋ ሲደርስ ግን አንዲት ቃል፦ «ዝለሉት»። በቃ። ይቺ ቃል ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም። ናቲ፣ ምን ማለትህ ነው?

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
አማርኛ ነው የጻፍኩት፣ ምኑ ነው ያልገባህ? ማይክል የለም። እሱ የሚያሳድዳት ሎሪ የለችም። ሐኪሙ ዶክተር ሉሚስ የለም። ዶሮ የሌለበትን ዶሮ ወጥ ማን ይበላል?

ቤቢ ቶራ፦
እንቁላሉ ካለ እኔ እበላለሁ 😂

ዳጊ ዱባ፦
እንቁላሉማ አለ! የማይክልን ጭምብል የሠራው ማን ነው? ቶሚ ሊ ዋላስ። ሁለት ዶላር የማይሞላ የስታር ትሬኩን የካፒቴን ከርክ ጭምብል ገዛ፣ ዓይኑን አሰፋው፣ ነጭ ቀባው፣ ማይክል ተወለደ። ሦስተኛውን ዳይሬክት ያደረገውም እሱ ነው። ሁለተኛው ላይ ጭምብሉን አጥልቆ ሆስፒታል ውስጥ የዞረው ዲክ ዋርሎክስ? ሦስተኛው ላይ ሱፍ ለብሶ ሰው ይገድላል። ሙዚቃው ላይ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ጆን ካርፔንተር አለበት። ፕሮዲውሰሮቹ ካርፔንተርና ዴብራ ሂል ናቸው። ሎሪን የምትጫወተው ጄሚ ሊ ከርቲስ ሳትቀር በስልክ ኦፕሬተር ድምፅ ገብታበታለች። ቤተሰቡ ሁሉ የተገኘበትን ሰርግ ነው ዝለሉት የምትለን።

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ሙሽራው የለማ።

ሰሚራ፦
😂😂 ዳጊ ይቺን እንግዲህ ቻላት

ዳጊ ዱባ፦
እሺ ይሳቅብኝ። ግን ወደ ቃሏ እንመለስ። መዝለል ካልክ እኮ ይሄ ተከታታይ ዋና ሥራው መዝለል ነው። የ1998ቱ ኤች ቱዌንቲ አራት፣ አምስትንና ስድስትን ዘለለ። ሮብ ዞምቢ በ2007 ሁሉንም ዘሎ ከዜሮ ጀመረ። የ2018ቱ ደግሞ ከ1978ቱ በስተቀር ያለውን በሙሉ ዘለለ፣ ካርፔንተር ራሱ የጻፈውን ሁለተኛውን ጨምሮ። እነሱን ስትጽፍ «ደፋር ውሳኔ» ነው ያልከው። ሦስተኛው ማይክልን ሲዘልስ? ያው ድፍረት አይደለም?

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
እነሱ ታሪክ አስተካከሉ እንጂ ባለታሪኩን አልጣሉም። ልዩነቱ ይሄ ነው። 1998 ላይ ማይክል አለ። 2007 ላይ አለ። 2018 ላይ አለ፣ አርጅቶም አለ።

ሰሚራ፦
አስተካከሉ??? ቆይ ናቲ፣ እዚህ ላይ ከአንተም ጋር እጣላለሁ። እኔ አራተኛውን አይቼ ነው ያደግኩት። የሎሪን ልጅ የምትጫወተው ዳንየል ሃሪስ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ ናት። መጨረሻው ላይ የቀልደኛ ልብስ ለብሳ ደረጃው ጫፍ ቆማለች። እጇ ላይ ደም የነካው መቀስ። ሉሚስ ከታች ቀና ብሎ ሲያያት የሚጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አሥር ዓመት ቆይተው ሎሪን ሲመልሷት ያቺ ልጅ እንዳልተወለደች ተቆጠረች። ስሟን እንኳ የሚያነሳ የለም። ይሄ ነው «ማስተካከል»?

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ሰሚ፣ አራተኛውን እኔም እወደዋለሁ። አምስተኛው ነው ያበላሸው።

ሰሚራ፦
አምስተኛው ቢያበላሸው አራተኛው ለምን ይሰረዛል? የወንድሟን ጥፋት እህቱ ትከፍላለች?

ቤቢ ቶራ፦
ማይክልን ነው ወይስ ፊልሙን ነው የምታወሩት

ዳጊ ዱባ፦
እህት ከተነሳ ዘንድ። የበሽታው ሁሉ ሥር እሱ ነው። 1978 ላይ ሎሪ ማንም አይደለችም፣ ቁልፍ ልታደርስ በሩ ድረስ የሄደች የሰፈር ልጅ ናት። 1981 ላይ «ለካ እህቱ ናት» ተባለ። ካርፔንተር ያንን ስክሪፕት ሲጽፍ ሌሊት ሌሊት ቢራ ይጠጣ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። በቢራ የመጣች እህት ናት ሠላሳ ሰባት ዓመት ተከታታዩን ያናወዘችው! በ2018 የሎሪ የልጅ ልጅ «ወንድሟ አይደለም፣ ሰው የፈጠረው ወሬ ነው» ስትል ቁጭ ብዬ አጨበጨብኩ።

ሰሚራ፦
እና ያለ ምክንያት ነው የሚገድለው?

ዳጊ ዱባ፦
አዎ! ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ያንን አጥር አስታውሺው። ሎሪና አኒ ከትምህርት ቤት እየተመለሱ ነው። ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ጨለማ የለም። ማይክል አጥሩ ጥግ ቆሞ ያያቸዋል። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን፣ ጠፋ። አኒ ሄዳ ስታይ ማንም የለም። ሌላ ደግሞ፣ ቦብን ግድግዳ ላይ በቢላ ከሰቀለው በኋላ አንገቱን ወደ ግራ ዘንበል፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ያየዋል። ሥዕል እንደሚያይ ሰው። አሁን እዚህ ላይ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ብትይኝ ፍርሃቱ ይሄዳል። የውርስ ክርክር ነው የሚመስለው።

ሰሚራ፦
አንተን አያስፈራህ ይሆናል። እኔን ከሩቅ ሰው ይልቅ የሥጋ ዘመድ ነው የሚያስፈራኝ። ዘመዶቼን ስለማታውቃቸው ነው።

ጋሽ ካሴት፦
ልጆች፣ እኔ ድሮ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። ስለ «ዝለሉት» እኔን ጠይቁኝ። የመጀመሪያውን ሳሳይ ቤቱ ሞልቶ መስኮት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። በሳምንቱ ሰሌዳዬ ላይ በጠመኔ «ሃሎዊን 3፣ ያው ነጭ ፊት» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ካሴቱን አላየሁትም ነበር። ሃያ ደቂቃ ሄደ፣ ሠላሳ ሄደ። አንዱ ከኋላ «አክተሩ የታለ?» አለ። ቀጥሎ ሁሉም «ነጩ ይምጣ! ነጩ ይምጣ!»። መጨረሻ ላይ ሰውየው ስልክ ይዞ ለቴሌቪዥን ጣቢያው «አጥፉት! አጥፉት!» እያለ ሲጮህ፣ ሕዝቡም አብሮት እኔን «አጥፋው!» ይለኝ ጀመር። ግማሹን ሳንቲም መለስኩ። ለቀሪዎቹ የብሩስ ሊ ካሴት ከፍቼ ነው የተገላገልኩ።

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ! ምስክር ተገኘ። ሕዝቡ ያኔውኑ ዘሎታል።

ዳጊ ዱባ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ነጭ ፊት» ብለው ሰሌዳ ላይ የጻፉት እርስዎ ነዎት። ፊልሙ ምን አጠፋ?

ጋሽ ካሴት፦
ልጄ፣ እኔ አልዋሸሁም። እኔን ርዕሱ ነው የዋሸኝ። ካሴቱ ላይ ሃሎዊን ይላል፣ ሦስት ቁጥር አለበት። ሦስት ካለ ሁለት አለ። ሁለት ካለ ነጩ አለ።

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
እንደ ጋሼ አድርጎ ያስረዳ የለም። «ሲዝን ኦፍ ዘ ዊች» ብቻ ብለውት ቢሆን ማንም አይናገርም ነበር። ስሙን ተበድረው ዕዳውን አልከፈሉም።

ዳጊ ዱባ፦
ሐሳባቸው እኮ በየዓመቱ በሃሎዊን በዓል ዙሪያ አዲስ ታሪክ መሥራት ነበር። ማይክል በሁለተኛው ተቃጥሎ አበቃ። አዲስ ሰው፣ አዲስ ከተማ።

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ታዲያ ከሁለተኛው ለምን አልጀመሩም? ሁለት ፊልም ሙሉ ማይክልን አለማምደውን ሦስተኛው ላይ «አይ፣ ነገሩ እንዲህ አልነበረም» ይባላል?

ዳጊ ዱባ፦
...ይቺን እሰጥሃለሁ። ይቺን ብቻ።

ማሂ ሜሪላንድ፦
ሥራ ላይ ሆኜ ነው የማነባችሁ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ ከዳጊ ጋር ነኝ። እዚህ አገር ልጅ የምታሳድጉ ብትሆኑ ሦስተኛው ነው የሚያስፈራችሁ። ጥቅምት ከመግባቱ ሱቁ ሁሉ ጭምብል ነው። ማስታወቂያው አያቆምም፣ ልጄ ዜማውን ይዞ ቤት ውስጥ ይዞራል። ፊልሙ ላይም እንደዚያው ነው። ሲልቨር ሻምሮክ የሚባል ድርጅት ሦስት ዓይነት ጭምብል ይሸጣል፣ ዱባ፣ ጠንቋይ፣ የራስ ቅል። በዓሉ ሊደርስ ስንት ቀን እንደቀረ እየቆጠረ የሚዘፍን ማስታወቂያ አለው። ያ ትንሽ ልጅ የዱባውን ጭምብል አጥልቆ ቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጥ፣ እናትና አባቱ ስጦታ ያገኙ መስሏቸው ፈገግ ብለዋል። ዱባው ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጁ ራሱን ይዞ ይወድቃል፣ ከጭምብሉ ውስጥ የሚርመሰመሱ ነፍሳት ይወጣሉ። እኔ ማይክልን አይቼ ተኝቻለሁ። ያንን አይቼ ግን ተነስቼ ልጄ ክፍል ሄጃለሁ።

ሰሚራ፦
እዚህ ላይ ማሂ አሳመነችኝ ማለት ይቻላል

ማሂ ሜሪላንድ፦
በዓሉን ራሱን ግን አልጠላውም። ልጆች በር እያንኳኩ ከረሜላ ሲሰበስቡ የኛን ቡሄ ነው የሚያስታውሰኝ።

ጋሽ ካሴት፦
ማሂዬ፣ እዚህ ላይ ቁሚ። ቡሄን ከዚህ ጋር አታነካኪብን። ቡሄ ደብረ ታቦር ነው። ጅራፍ አለ፣ ሙልሙል አለ፣ ሆያ ሆዬ ብሎ መርቆ የሚሄድ ልጅ አለ።

ማሂ ሜሪላንድ፦
ጋሼ፣ በር ማንኳኳቱን ብቻ ነው ያልኩት።

ጋሽ ካሴት፦
የኛዎቹ ካልሰጠሽ አያስፈራሩሽም።

ቤቢ ቶራ፦
ጋሼ የኛ ሰፈር ልጆች ያስፈራሩ ነበር፣ ጅራፉን ለምን ይዘው የሚዞሩ መስሎዎት 😂

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ከርዕስ አንውጣ። ገበያውም ከእኔ ጋር ነው። የመጀመሪያው በ300 ሺህ ዶላር ገደማ ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 47 ሚሊዮን አስገባ። ሁለተኛው 25 ሚሊዮን። ሦስተኛው 14። ተመልካቹ ፈርዷል።

ዳጊ ዱባ፦
አምስተኛውስ ስንት አስገባ? 11 ሚሊዮን። ማይክል እያለ! እሱን ለምን ዝለሉት አላልክም? አምስት መስመር ጻፍክለት።

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
አምስቱም መስመር ስድብ ነው።

ዳጊ ዱባ፦
ስድብም ክብር ነው። ሦስተኛው ስድብ እንኳ ተነፍጎታል።

ሰሚራ፦
በነገራችን ላይ ማይክልን ማን እንደመለሰው ታውቃላችሁ? ሙስጠፋ አቃድ። ሶሪያዊ ነው። ሦስተኛው እንደተጠበቀው ሳይሸጥ ሲቀር በ1988 «ማይክል ይመለስ» ብሎ አራተኛውን የሠራው እሱ ነው። ቤታችን በረመዳን «ዘ ሜሴጅ»ን ስናይ የዚያ ፊልም ዳይሬክተር የማይክል ባለቤት መሆኑን ማን ነገረኝ? ለአባቴ ብነግራቸው አያምኑኝም። በ2005 ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ ሆቴል ላይ በደረሰው ፍንዳታ ከልጁ ጋር ሞተ፣ አላህ ይዘንለት።

ጋሽ ካሴት፦
የዑመር ሙኽታርንም የሠራው እሱ አይደል? እሱን ካሴት እኔ ቤት በልተውታል። አንቶኒ ኩዊን። ያ ኦሊቨር ሪድ ደግሞ ግራዚያኒን ሆኖ ሲገባ ቤቱ ጸጥ አለ። አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ የካቲት 12ን ያዩ። ብድግ ብለው ወጡ። ገንዘብ ልመልስ ብላቸው እንቢ አሉኝ። ያለ ጭምብልም እንዲያ የሚያስፈራ አለ።

ማሂ ሜሪላንድ፦
...ጋሼ

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ከዚህ በኋላ ስለ ፊልም ማውራት ከባድ ነው። ግን ሰሚራ እኔን ነው የደገፈችው። አቃድ ራሱ ከሦስተኛው የተማረው ማይክል ከሌለ ገበያ እንደሌለ ነው።

ዳጊ ዱባ፦
ነጋዴ ነው፣ አልፈርድበትም። ግን የአሁኖቹን ተመልከት። የ2018ቱ ላይ ልጆቹ የሲልቨር ሻምሮክን ጭምብል አጥልቀው ይዞራሉ። የ2021ዱም ላይ ሦስቱም ጭምብሎች አሉ። የ2022ቱ ኤንድስ የመክፈቻ ጽሑፉ ፊደል ራሱ ከሦስተኛው የተቀዳ ነው። እዚያ ላይ ማይክል አብዛኛውን ጊዜ ፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ነው፣ ፊልሙን የያዘው ኮሪ የሚባል ልጅ ነው። ለሱ ስምንት መስመር ጽፈህ ሰባተኛ አደረግከው። ማይክል የሌለበትን ሃሎዊን ወደኸዋል፣ ስሙን ደብቀውልህ ነው።

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
ማይክል አለ! ትንሽ ነው እንጂ አለ!

ቤቢ ቶራ፦
የዶሮ ወጡ ውስጥ አንድ ክንፍ ማለት ነው

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
እሺ አቦ፣ አሰለቻችሁኝ። ልጥፉን አስተካክያለሁ። አሁን «ማይክልን ሳትጠብቁ እዩት» ይላል። ደስ አለህ?

ዳጊ ዱባ፦
አየሁት። ከሥሩ ግን አሁንም አሥራ ሦስተኛ ነው። ከበስታ ራይምስ በታች!

ናቲ ሃዶንፊልድ፦
በስታ ቢያንስ ማይክልን አግኝቶታል።

ሰሚራ፦
ቆይ ቆይ፣ ልጥፉን ገና አሁን ነው በደንብ ያየሁት። አራተኛውን ከኤንድስ በታች ነው ያደረግከው?! ስምንተኛ? ናቲ፣ ስልክህን አንሳ።