ሁለት ራውተር ባገናኝ ጭራሽ የሚሠራውንም አጣሁት

ሰላም፣ ኔትወርክ የምታውቁ እባካችሁ ተባበሩኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ታግዬ አቃተኝ።

የቤቴ ብሮድባንድ መስመር አንድ፣ ኮምፒውተሮቹ ሦስት ናቸው። ዋናው ራውተር ላይ በኬብል የተሰካው ዴስክቶፕ ደህና ነበር፤ አድራሻው 192.168.1.5 ነው። ሁለቱን ላፕቶፖች ግን አቧራ ለብሶ በከረመ አሮጌ ራውተር በኩል ላገናኛቸው ሞከርኩ (ስዊች፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብል ማከፋፈያ፣ ላለመግዛት መሆኑ ነው፣ ቁጠባዬን እዩልኝ)። ከዋናው የሚመጣውን ኬብል አሮጌው ላይ «ዋን» የሚለው (የኢንተርኔት መግቢያ) ቀዳዳ ውስጥ ስሰካ ላፕቶፖቹ አድራሻ ያገኛሉ፣ ኢንተርኔት ግን የለም። «ላን» ላይ (የቤት ኮምፒውተሮች የሚሰኩበት ቀዳዳ) ስሰካው ደግሞ አምስት ደቂቃ ይሠራና ደህናውን ዴስክቶፕ ጭምር ይዞ ይጠፋል! የአሮጌውን ዲኤችሲፒ (ለኮምፒውተሮች አድራሻ በራሱ የሚያድለውን) አጥፍቼ ኬብሉን ወደ «ዋን» ስመልሰው ላፕቶፖቹ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ (አዳይ ሲያጡ ለራሳቸው የሚሰጡትን) አመጡ።

ትናንት ማታ ሁለቱንም ራውተሮች ገልብጬ ከሥር የተለጠፈውን ሳነብ የሁለቱም አድራሻ 192.168.1.1 ነው። ጉዱ ይሄ ይሆን?

አሮጌውን 192.168.1.2 ብዬ፣ ዲኤችሲፒውን አጥፍቼ፣ ኬብሉን «ላን» ላይ ብሰካው ይበቃል? ወይስ ሌላም የምነካው ነገር አለ? ዋናውን ራውተር ባልነካው ደስ ይለኛል፤ የመስመሩ የይለፍ ቃል እዚያ ስላለ እንዳላበላሸው ፈራሁ።