የደም ዓይነት ወረቀት ሽማግሌ ፊት ይቅረብ ወይ?

ከደብረ ብርሃን፦ የዘመዴ ደም ኤ፣ የሚስቱ ኦ ነው። ልጃቸው ሲመረመር ኦ ሆነ። «የእኔ ቢሆን ኤ ይሆን ነበር» ብሎ ወረቀቱን ሽማግሌዎች ፊት አቅርቧል። ሽማግሌ በዚህ ሊፈርድ ይገባል ትላላችሁ?

ከመሐል ሜዳ፦ እንዴታ! እኛ መንዝ ልጅ ማለት የመሬት ወራሽ ነው። እስከ ዛሬ «አፍንጫው የአባቱ ነው፣ አይደለም» እየተባለ ነገር ሲቆረጥ ኖሯል። ከዚያስ የሐኪም ወረቀት አይሻልም?

ከደብረ ሲና፦ ጋሼ፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ፤ በዚህ ወረቀት ልጅ ሲካድ ዝም ማለት አልችልም። ሰው የደም ዓይነቱን ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ይወርሳል። ከአንዱ ኤ፣ ከሌላው ኦ የወረሰ ሰው ወረቀቱ ላይ ኤ ተብሎ ብቻ ይጻፋል። እኛ ከጣት የወጣችውን ጠብታ መስታወት ላይ አድርገን ከመመርመሪያ ፈሳሾች ጋር እናዋሕዳለን፤ ጸረ ኤ ከተባለው ፈሳሽ ጋር ብቻ ከተጓጎለች «ኤ» ብለን እንጽፋለን። የተሸፈነው ኦ በዚያ መስታወት ላይ አይታይም። ሰውየው ያንን ኦ ይዞ ከሆነ፣ ከዚህች ሚስቱ የሚወልደው እያንዳንዱ ልጅ ኦ የመሆን ዕድሉ እኩል በእኩል ነው።

ከመሐል ሜዳ፦ እሺ ልጄ፣ ጭራሽ የማይሆን ሲሆንስ? የፊልም ተዋናዩ ቻርሊ ቻፕሊን «የልጄ አባት ነህ» ተብሎ በአንዲት ሴት ተከሶ ነበር፤ እሱ ኦ፣ እናትየዋ ኤ፣ ሕፃኗ ቢ ነበረች። በ1945 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከሕዝብ ተመርጠው የተቀመጡት ፈራጆች ግን ምርመራውን ገፍተው «አባቷ ነህ» አሉት። ይህ ግፍ አይደለም?

ከደብረ ሲና፦ ግፍ ነው፤ እዚያ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ወረቀቱ «አይደለም» የሚልበት ጊዜ አለ፤ «ነው» ማለት ግን አይችልም፤ ኦ የሆነ ወንድ በየመንደሩ ሞልቷል። «አይደለም» ሲልም ይጣራ። በ1952 እ.ኤ.አ. ከሕንዷ ከተማ ከቦምቤይ የተዘገበ ብርቅ የደም ዓይነት አለ፤ ይህ ደም ያለው ሰው ኤ ወይም ቢ ማውረስ እየቻለ በተለመደው ምርመራ ኦ መስሎ ይታያል። ናሙናም ይቀያየራል።

ከአንኮበር፦ የሴቲቱን ነገር ማንም አላነሳም! ስሟ በአገር ፊት ከጎደፈ በኋላ ማን ያጠራላታል? ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው ነው ይላል። መካድ የፈለገ ፍርድ ቤት ይሂድ፣ የዲኤንኤ ምርመራ ይጠይቅ። ሽማግሌ ያስታርቅ፤ የአባትነት ዳኛ አይሁን።

ከመሐል ሜዳ፦ ዲኤንኤው ይሁን። ውጤቱን ግን ሽማግሌውም ይስማ፤ እውነቱን ሳያውቅ ምን ብሎ ያስታርቃል?

ከደብረ ብርሃን፦ ሽማግሌዎቹ እሑድ ይቀመጣሉ። እህቴ ከደብረ ሲና፣ የተሸፈነውን ኦ ነገር በስልክ ቢያስረዱልን ሁሉም እንዲሰማ አደርጋለሁ፤ ሚስቱም ትኖራለች።